በፊደል የመጣው ሙሽራ

ቤንዙ ሙናቾንጋ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ከቾማ ፖስታ ቤት ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ባቡር ሐዲዱ በምትከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በክፍሏ ውስጥ አንድ የቴሌክስ ማሽን፣ አንድ ወንበርና አንድ ቤንዙ ነበሩ። ማሽኑ መንጫጫት ሲጀምር ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ እሷ ግን የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ «ከሊቪንግስተን ከተማ ነው፤ የሚልከው ሰውዬ ዛሬ ሚስቱ ተቆጥታዋለች መሰለኝ፣ እጁ ከብዷል» ትል ነበር። መልእክት የተበሳበትን የወረቀት ጥብጣብ መስኮቱ ላይ ዘርግታ፣ ቀዳዳዎቹን እንደ ጋዜጣ ታነባቸዋለች።

ሰው የሚጠራት በልጇ ስም ነው፤ ቢና ትዋምቦ፣ የትዋምቦ እናት። ባሏ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ስለሞተ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ኖሩ። ብቻቸውን ይባል እንጂ ሃንጎምቤ የሚባለው የቤንዙ ታላቅ ወንድም በየሳምንቱ ከምባባላ መንደር ወተት ይዞ እየመጣ ቤቱን በምክር ይሞላው ነበር።

በፈረንጆች 1991 ቴሌክሱ ተዘጋ። አራት ሰዎች ማሽኑን ተሸክመው ሲያወጡት ቤንዙ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ በሉ እንጂ፤ እሱ እኮ ከእናንተ ሁላችሁ በላይ የሠራ ነው» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ቲማቲም ለመሸጥ ሞከረች። ነጋዴ ግን አልነበረችም። ደንበኛው ዋጋ ሲጠይቃት እሷ የደንበኛውን እናት ጤንነት ትጠይቃለች፤ ወሬው ሲደራ ቲማቲሙ ይበሰብሳል። የሲካቤ ሚሲዮን ሆስፒታል ታይፒስት እንደሚፈልግ በሰማች ዕለት የቀረውን ቲማቲም ለጎረቤት አድላ ሄደች።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሊስዋኒሶ የሚባል፣ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ የሆነ የሎዚ ሰው ነው። ቤንዙ ደግሞ ቶንጋ ናት፤ ከብት አርቢው ቶንጋና ዓሣ አጥማጁ ሎዚ በባህላቸው ለመሰዳደብ የተፈቀደላቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀብር ላይ እንኳ አይተዉም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ተግባቡ።

«ቢና ትዋምቦ፣ ኮምፒውተር ያውቃሉ?» አላት።

«አላውቅም። አንተስ ላም ማለብ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ሁለታችንም የምንማረው አለ።»

ኮምፒውተሩ ሥራው አንድ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የስልኩ መስመር ፋታ ሲያገኝ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሉሳካ ይደውላል፤ የተጻፈውን ደብዳቤ ያስረክባል፤ የመጣውን ይቀበላል። የሚያልፈው ፊደል፣ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ፣ ለሉሳካ ሐኪሞች የሚላክ ጥያቄ፣ አልፎ አልፎም የዶክተሩ ኳስ ነክ ክርክር። ቤንዙ በአንድ ወር ውስጥ ለመደችው። ቅሬታዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ዝም ይላል። «ከዲዳ ጋር መሥራት ይከብዳል» ትል ነበር።

በ1993 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከመጡት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የሆስፒታል ጉዳይ አልነበረም። ትዋምቦ በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ግራሃምስታውን ትማራለች። «እማዬ፣ ሰው አግኝቻለሁ» ይላል ደብዳቤው። «ስሙ ሞሌፊ ነው፤ የሌሶቶ ልጅ። የሚማረው ኮምፒውተር ነው። ጥሩ ሰው ነው። በሐምሌ ዕረፍት ሽማግሌዎቹን ይዞ ሊመጣ ይፈልጋል።»

ቤንዙ ደብዳቤውን አምስት ጊዜ አነበበችው። ደስ አላት። ደስታዋ ግን ገና ሳይረጋጋ ወንድሟ ትዝ አላት። በቶንጋ ቤት የእህቱን ልጅ የሚድረው አጎት ነው፤ ሃንጎምቤ ደግሞ ቀላል አጎት አይደለም።

ቅዳሜ ወተቱን ይዞ ሲመጣ ነገረችው። ባርኔጣውን ሳያወልቅ አዳመጣት።

«ስሙን ሰማሁ። መልኩስ?»

«ጥሩ ሰው ነው ብላለች።»

«ጥሩማ ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ወይፈን ስገዛ እንኳ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። ፊቱን ያላየሁትን ሰው ሽማግሌ አልቀበልም።»

«ወንድም ዓለም፣ ፎቶው በፖስታ እስኪደርስ እኮ ሐምሌ ያልፋል።»

«እንግዲያው ይለፍ።»

ሃንጎምቤ አንዴ እንቢ ካለ አራት በሬ አይጎትተውም። ቤንዙ ይህንኑ ለልጇ ጻፈች። በማግስቱ መልስ የመጣው ከራሱ ከሞሌፊ ነበር። እናቱን እንደሚያናግር ሰው ዝቅ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ፎቶውን በኢሜይል ሊልክ እንደሚችል ገለጸ። ኢሜይል ፊደል ብቻ እንደሚያሳልፍ ያውቃል። ነገር ግን ማንኛውንም ፋይል፣ ፎቶም ይሁን ፕሮግራም፣ ወደ ተራ ፊደል የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እዚያ የተለወጠው እዚህ ተመልሶ ፎቶ ይሆናል። መሣሪያውን የሠራው ፊንላንድ የሚኖር አንድ ሰው ነው፤ በነጻ ነው የሚያድለው። ሉሳካ ያሉት የኢሜይል ሰዎች ስላላቸው ፍሎፒ ላይ ቀድተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ ይላል።

ዶክተር ሊስዋኒሶ ደብዳቤውን በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበውና ሳቀ። «ሰው በፊደል? አፍንጫው በየትኛው ፊደል ሊጻፍ ነው?» ከዚያ ሳቁን አቁሞ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስኮቱ ሥር፣ በፖስታ ተደርገው አውቶቡስ የሚጠብቁ የራጅ ፊልሞች ተደርድረዋል። ሉሳካ ደርሰው መልስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ነው፤ አንዳንዴም አውቶቡሱ ላይ ተረስተው ናሚቢያ ጠረፍ ድረስ ይሄዳሉ።

«ፎቶ ከመጣ ራጅም ይሄዳል» አለ፤ ስልኩንም አነሳ።

ፍሎፒው በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ከመሣሪያው ጋር የሠሪው ማስታወሻ ነበረበት። «ይህን በነጻ ውሰዱ፤ ለፈለጋችሁት ስጡ፤ አትሽጡት። ከጠቀማችሁ ከምትኖሩበት አገር አንድ ፖስትካርድ ላኩልኝ።»

«ምን ፈልጎ ነው?» አለች ቤንዙ።

«ፖስትካርድ።»

«ከዚያ ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ይሄን ሰውዬ እናቱ በደንብ ነው ያሳደገችው» አለች።

ሐሙስ ዕለት ፎቶው መጣ። ሁለት መቶ ሰባ ሦስት መስመር። ቤንዙ ስክሪኑ ላይ ስታወርደው አያልቅም። ሁሉም መስመር በኤም ፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፊደል፣ የቁጥርና የነጥብ ድብልቅልቅ ነው። የመርፌ ማዘዣ ልታስፈርም የገባችው ነርስ ማሊያ አንገቷን አስግጋ አየችና «ይሄ ልጅ ጠጥቶ ነው እንዴ የጻፈው?» አለች።

መሣሪያውን አስነሱት። ሥራውን ጀመረ፤ ስልሳ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህ መስመር አጭር ነው» ይላል። እስከዚያ የሠራውን ሲከፍቱት የግድግዳ ጫፍ፣ አጭር ጸጉርና ሰፊ ግንባር ታየ። ከግንባሩ በታች ጥቁር ነው።

«ግንባር ነው» አለ ዶክተሩ።

«ግንባሩማ ያምራል» አለች ቤንዙ፤ ድምጿ ግን ቅር ብሏት ነበር።

ሞሌፊ እንደገና እንዲልክ ጻፉለት። ዓርብ እንደገና መጣ፤ እንደገና ስልሳ ሦስተኛው መስመር፤ እንደገና ግንባር። በእሱ በኩል ሙሉ ሆኖ እንደሚወጣ ሞሌፊ ምሎ ተገዝቶ ጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃንጎምቤ ወተቱን እቤት አስቀምጦ በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ባርኔጣውን አስተካክሎ ወንበር ሳበና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«የት አለ ሰውዬው?»

ዶክተሩ የነበረውን አሳየው። ሃንጎምቤ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግንባሩ ነው፣ አባቴ።»

«የቀረውስ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«እናንተ ሎዚዎች ዓሣ ስታካፍሉም እንዲሁ ናችሁ» አለ ሃንጎምቤ። «ጭንቅላቱን ለእንግዳ፣ የቀረውን ለራሳችሁ።»

ሁለቱ ሲሰዳደቡ ቤንዙ አልሰማቻቸውም። ፊደሉን በሙሉ ወረቀት ላይ አትማ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታዋለች። ስትሰለጥን የተማረችው የመጀመሪያው ነገር መልእክት ከመላኩ በፊት የወረቀቱን ቀኝ ጠርዝ ማየት ነበር፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው። የዚህኛው ጠርዝ እንደ ጡብ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ስልሳ ሦስተኛው መስመር ላይ ግን በአንድ ፊደል ገባ ብሏል። የላይኛውን በእርሳስ ጫፍ እየነካች ቆጠረች፤ ስልሳ አንድ። የታችኛውን ቆጠረች፤ ስልሳ አንድ። ያንን ቆጠረች፤ ስልሳ። ማስመሪያዋን ጠርዙ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ወረደች። በአንድ የሚያጥሩት ስድስት መስመሮች ናቸው።

«ዶክተር፣ ና እስቲ» አለች። «እዚህ ጋ አንድ ፊደል ጠፍቷል።»

«የትኛው ፊደል?»

«ክፍት ቦታው።»

«ክፍት ቦታ ባዶ ነው እኮ ቢና ትዋምቦ። ባዶ እንዴት ይጠፋል?»

«ማን ነው ባዶ ያለው? ጥብጣቡ ላይ ክፍት ቦታም የራሱ ቀዳዳ አለው፤ መሃል ላይ አንዲት ቀዳዳ። ሃያ ሦስት ዓመት በስቻታለሁ።» ጣቷን በወረቀቱ መሃል አሳለፈች። «እየው፣ መስመሮቹ ውስጥ ክፍት ቦታ ሞልቷል። እንደ ሌላው ፊደል ነው የሚቆጠረው። መሃል ላይ ያለው ደህና ደርሷል። መጨረሻ ላይ የወደቀውን ግን መንገድ ላይ ያለ አንዱ ማሽን፣ ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል ብሎ ጠርጎታል።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ወንበሩን ለቀቀላት።

ቤንዙ ተቀምጣ ወደ ስልሳ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ሄደችና ረጅሙን ቁልፍ አንዴ ነካችው። ስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር አይታይም።

«ምን አደረግሽ?» አለ ሃንጎምቤ።

«ባዶ ጨመርኩ።»

ሃንጎምቤ ዶክተሩን በሐዘኔታ ተመለከተው፤ እህቴ ደህና ናት ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው።

መሣሪያውን አስነሱት። ስልሳ ሦስትን አለፈ። ሰማንያን አለፈ። መቶ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሲከፍቱት ከግንባሩ ሥር ሁለት ቅንድብና ሁለት ዓይን ወርደዋል።

ሃንጎምቤ ወንበሩን አስጠጋ። «ዓይኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው» አለ። «ጨምሪ እስቲ።»

ሁለተኛውን ባዶ ጨመረች፤ አፍንጫና ጆሮ መጣ። ነርስ ማሊያ ጓደኞቿን ጠርታ በሩ በነርሶች ተሞላ። አንዷ «ትንሽ ደፍጠጥ ይላል» ስትል ሌላዋ «አንቺን ማን ጠየቀሽ» አለቻት። ሦስተኛው ባዶ የላይኛውን ከንፈር ብቻ ስላመጣ ነርሶቹ አጉረመረሙ። አራተኛው ሲጨመር ሞሌፊ እየሳቀ መሆኑ ታወቀ፤ የፊት ጥርሶቹ መሃል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ።

«እዚህ ጋ ደግሞ ምን ጎደለ?» አለ ሃንጎምቤ።

«እሱን ክፍት ቦታ እኛ አይደለንም የጨመርነው፣ አባቴ» አለ ዶክተሩ። «ከእናቱ ነው ይዞት የመጣው።»

አምስተኛው አገጩን፣ ስድስተኛው ክራቫቱን አመጡ። መሣሪያው ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደርሶ «ተጠናቋል» አለ። ሁሉም የሚጠብቀው ሃንጎምቤን ነው። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጆሮው ትልቅ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚያዳምጥ ሰው ነው። ይምጡ።»

ነርሶቹ እልል አሉ። ከክፍሉ ሲወጡም ዶክተሩ «አሁን ወደ ሥራችሁ፤ በሽተኛ ግንባር ብቻ አይደለም» እያለ ነዳቸው። ቤንዙ ብቻዋን ስትቀር ፎቶውን አንድ ጊዜ ደግማ ከፈተችው። «እንዴት ነህ ልጄ» አለችው። ከዚያ ራሷን ታዘበችና ሳቀች። ማሽኗ ከፖስታ ቤቱ በወጣ ዕለት ሙያዋም አብሮት የወጣ መስሏት ነበር። ለማንም አልነገረችም እንጂ፣ ቲማቲሙ ፊት ተቀምጣ ያስጨነቃት ይኸው ነበር።

ሰኞ ለፊንላንዱ ሰው የሊቪንግስተን ፏፏቴ ያለበት ፖስትካርድ ላከችለት። «ከግንባር እስከ ክራቫት ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥህ። ማሽኖቹ ግን መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ እየበሉት ነውና አስብበት» ብላ ጻፈች። በዓመቱ ሉሳካ የደረሰው የመሣሪያው አዲስ ቅጂ በክፍት ቦታው ፋንታ ትንሽ ጭረት ይጽፍ ነበር። የእሷ ካርድ ይሁን የሌላ ሰው አቤቱታ ማንም አያውቅም። ዶክተር ሊስዋኒሶ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ የእሷ ነው እያለ ያወራ ነበር።

በዚያው ሐምሌ ሞሌፊ ከሁለት አጎቶቹ ጋር በባቡር መጣ። የቤንዙ ቤት በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ መግባት ነበረበት፤ ገብቶም ሲቆም ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ሃንጎምቤ ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና «ይሄን ሁሉ ቁመት በፊደል አልጻፍከውም» አለው።

«ፎቶው ቁጭ ብዬ የተነሳሁት ነው፣ አባቴ» አለ ሞሌፊ።

የበቆሎ ገንፎው ንሺማ በዶሮ ተበላ፤ ከበቆሎ የሚጠመቀው ቺብዋንቱ ተጠጣ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ከብት ሲከራከሩ ሁለቱም ወገን ከብት አዋቂ ስለነበር ንግግሩ በክርክር ጀምሮ በወዳጅነት አለቀ። ሠርጉ ለታኅሣሥ ተቆረጠ። የሞሌፊ እናት ግን እግሯን ስለሚያማት መንገዱን እንደማትችለው ተነገራቸው።

«እንግዲያው እሷም እኛን ትየን» አለ ሃንጎምቤ። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ ለራጅ ብሎ በእጅ የምትገፋ ትንሽ ስካነር አግኝቶ ነበር። ሃንጎምቤ ኮት ለብሶ ከትልቁ በሬው ጋር የተነሳውን ፎቶ ይዞ መጣ። ቤንዙ ወደ ፊደል ለወጠችው፤ ቆጠረችው፤ ላከችው። ከሦስት ቀን በኋላ ሞሌፊ መለሰ። «እናቴ በሬው እጅግ ያምራል ብላለች። ከኋላው የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ትጠይቃለች።»

ቤንዙ ይከፋዋል ብላ ፈርታ አነበበችለት። ሃንጎምቤ ግን ፊቱ በራ። «በሬ ታውቃለች» አለ። «ጥሩ ቤት ነው የገባነው።»

ራጅ መላኩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግተው ስካነሯን ቀስ አድርገው ይገፏታል፤ ቤንዙ ወደ ፊደል ትለውጠዋለች፤ አራት ሰዓት ላይ ይሄዳል። መልሱ በማግስቱ ይመጣል። ከሌሎች ሚሲዮን ሆስፒታሎች ጸሐፊዎች ባዶ ፍሎፒ ይዘው ይመጡ ጀመር። መሣሪያውን ታባዛላቸዋለች፤ የምታስከፍላቸው ነገር የለም፤ ግን ፖስትካርድ እንደሚልክ ሳይምል የወጣ የለም።

ራጃቸው ከተላከላቸው የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አንዷ በቆሎ እርሻ ላይ የምትሠራ ማንኬ የምትባል ሴት ነበረች። ወር ሙሉ ስላሳላት ባሏና አማቷ የሳምባ ነቀርሳ ነው ብለው ዕቃዋን ለይተውባታል። ራጇ ማክሰኞ ሄደ፤ ረቡዕ ሉሳካ «ሳምባዋ ንጹሕ ነው፤ አቧራ ነው ያስቸገራት» ብላ መለሰች። ዶክተሩ ሲነግራት ሴትዮዋ አልተነሳችም።

«ወረቀት ስጡኝ» አለች። «ባዶ እጄን ብሄድ አያምኑኝም።»

«ደብዳቤ ይጻፍልሻል» አለ ዶክተሩ።

«ደብዳቤ ማንም ይጽፋል። ሳምባዬን ነው የምፈልገው።»

ፊልሙ ሆስፒታል መቅረት ነበረበት። ቤንዙ ትንሽ አሰበችና የሄደውን ፊደል አራት ገጽ አትማ ሰጠቻት። «ይሄ ሳምባሽ ነው» አለቻት። «ሉሳካ ያዩት ይሄንኑ ነው፤ ከላይ እስከ ታች።»

ማንኬ ገጾቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀጥ ብለው የተሰለፉት መስመሮች ደስ አሏት። «ንጹሕ ነው» አለች፤ በአራት አጣጥፋም ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው። በሚቀጥለው ወር አንድ ቅርጫት በቆሎ ይዛ ስትመለስ፣ አማቷ ገጾቹን ግድግዳ ላይ እንደለጠፏቸውና ለእንግዳ ሁሉ የምራቴ ሳምባ ነው እያሉ እንደሚያሳዩ ነገረቻቸው። ቤንዙ በቆሎውን ለነርሶቹ ስታካፍል ለዶክተሩ ትልቁን መርጣ ሰጠችውና «ብላ፤ ዓሣ ብቻ ሰው አያደርግም» አለችው።